ጌይኑን ቀንሱ፣ ማስተሩን ክፈቱ

የጊታር ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተረባርበዋል። ሞዴሊንግ አምፕ (የታወቁ የጊታር ማጉያዎችን ድምፅ የሚያስመስል ዕቃ) የገዙ አንባቢዎች የስልሳዎቹን የሮክ ጊታር ድምፅ ፈልገው አጥተውታል። የአምፑ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ሲከፍቱት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ ለሙሉ የዚህ ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሌስ ፖል ዓይነት ጊታር አለኝ፤ ሁለቱም ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት) ሃምበከር የሚባሉት ባለ ሁለት ጥቅል ናቸው። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜየል ጋር ባወጣው አልበም ላይ ያለው የጊታር ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም። አምፔ ላይ «ብሪቲሽ» የሚለውን ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ማስተካከያ) መርጬ ጌይኑን፣ ማለትም የስንጥቁን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ 8 ላይ አደረግኩት። የወጣው ግን ቀጭንና የሚያፏጭ ነገር ነው። ኮርድ ስመታ ክሮቹ ተለይተው አይሰሙም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ፕሪሴት ተወው። ባዶ ቦታ ላይ ከዜሮ እንጀምር።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ የምነሳው ከአንድ ነገር ነው። በዚያን ቀን ከጊታሩ ክር እስከ መቅረጫው ቴፕ ድረስ መሀል ላይ ምን ነበረ? የነበረውን አስገባ፣ ያልነበረውን አውጣ። ከፋብሪካ የሚመጡት ፕሪሴቶች ባብዛኛው ኮምፕረሰር (ጯሂውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ)፣ ኖይዝ ጌት (ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘጋ)፣ ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም) እና ሰፊ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ተደራርቦባቸው ነው የሚመጡት። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ሲሞክሯቸው ያምራሉ። አንተ ለምትፈልገው ድምፅ ግን ሁሉም እንቅፋት ናቸው። አጥፋቸው። አምፕና ስፒከር ብቻ ይቅሩ።

አሁን አምፑን እንምረጥ። ጂም ማርሻል ምዕራብ ለንደን ውስጥ ሃንዌል በሚባል ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ነበረው። በ1962 ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ጄቲኤም45 የተባለውን አምፕ አወጣ። ንድፉን የወሰዱት ከአሜሪካው ፌንደር ቤዝማን ነው። ክላፕተን የተጫወተበት ደግሞ ይኸው ሥራ ከሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ የገባበት ዓይነት ነው። ከአልበሙ በኋላ ሰው ሁሉ «ብሉዝብሬከር» ይለው ጀመር። ስለዚህ ዝርዝርህ ውስጥ 45 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈልግ። ካጣህ ቤዝማኑን ውሰድ፤ ወላጁ ስለሆነ ብዙም አይርቅም። «ፕሌክሲ» የሚባለው ባለ 100 ዋቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ድምፁ ይበልጥ ጠንካራና ብሩህ ስለሆነ ሦስተኛ ምርጫህ ይሁን።

እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ያ አምፕ ማስተር ቮሊዩም የሚባል፣ ከጌይኑ በኋላ ድምፁን የሚቆጣጠር ሁለተኛ ቁልፍ አልነበረውም። ለያንዳንዱ ቻናል አንድ ቮሊዩም ብቻ ነው ያለው። ዝቅ ስታደርገው ይጠራል። እንዲሰነጠቅ ከፈለግህ ከፍ ከማድረግ ውጪ ምርጫ የለህም። ከፍ ስታደርገው ደግሞ የፊተኞቹ ትናንሽ ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉት፣ አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ክፍሎች) ብቻ አይደሉም የሚጨነቁት። ኬቲ66 የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ የኋላ ቲዩቦች፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ጭምር አቅማቸው ያልቃል። ያ ወፍራም፣ የሚዘፍን ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ «ጌይን» የምንለው በአብዛኛው ፊት ለፊት ባሉት ትናንሽ ቲዩቦች ላይ የሚደራረብ ስንጥቅ ነው። እሱ ከኋላ ዘመን የመጣ ነው። ጌይን 8፣ ማስተር 3 ስታደርግ የምትሰማው የሰማንያዎቹን ጊታር ነው።

ስለዚህ ማስተሩን እስከ መጨረሻው ክፈተው። ጌይኑን 4 ላይ ጀምር። ጎረቤት እንዳትረብሽ ድምፁን ዝቅ የምታደርገው በዕቃው የመጨረሻ መውጫ ቮሊዩም እንጂ በማስተሩ አይደለም። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምር። ጠንከር አድርገህ ስትመታ ብቻ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ቁም። ይህ ለሪትም ነው። ለሶሎ እስከ 7 መሄድ ትችላለህ። በዚህ ሞዴል ላይ 7 ማለት ቅድም ካደረግከው 8 ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

አንድ ማጣራት ያለብህ ነገር አለ። አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ላይ «ማስተር» የተባለው ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ ብቻ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። አንድ ኮርድ ደጋግመህ እየመታህ ማስተሩን ከ3 ወደ 10 ውሰደው። ድምፁ ከፍ ብቻ ካለ ያው ቮሊዩም ነው። እየወፈረ፣ እየታመቀ፣ የፒኩ ጫፍ እየለዘበ ከመጣ ግን የኋላ ቲዩቦቹን በትክክል አስመስሏል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነብህ አትዘን። አምፑን ንጹሕ አድርገህ ከፊቱ ቀለል ያለ ኦቨርድራይቭ ፔዳል አስገባ፤ ድራይቩ 2፣ የፔዳሉ መውጫ ቮሊዩም ግን ከፍ ይበል።

«ሳግ» የሚል ማስተካከያ ካገኘህ ትንሽ ጨምረው። ጄቲኤም45 ኃይሉን የሚያገኘው ጂዜድ34 በሚባል፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ በሚቀይር ቲዩብ በኩል ነበር። ኮርድ በኃይል ስትመታ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ይነሳል። እጅህ ይሰማዋል። ድምፁ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ሰመጥ ብሎ ቀጥሎ ያብባል። ከዘመናዊ አምፕ ወደዚህ የመጣ ሰው ሁሉ የሚገረምበት ነገር ይህ ነው። እኔም ቤቴ ባለው አሮጌ ቲዩብ አምፕ ላይ ከድምፁ በላይ የምወደው ይህንኑ ነው።

ቤዙን 2 ወይም 3 ላይ አድርግ። አዎ፣ ያን ያህል ዝቅ። ሃምበከር ከዚህ አምፕ ጋር ሲገናኝ ቤዙ ከበዛ ይቦካል፤ ክሮቹ ተለይተው ያልተሰሙህም በከፊል ለዚህ ነው። ሚዱን 7፣ ትሬብሉን 6፣ ፕሪዘንሱን 4 ብለህ ጀምርና ለጆሮህ አስተካክል። በነዚህ አሮጌ አምፖች ላይ 5 ማለት «መሀል» ማለት እንዳልሆነ እወቅ። ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩን አትመን።

ስፒከሩንና ማይኩን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። እኔ ግን ከጌይኑ ቀጥሎ የምነካው እነሱን ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች የሴለስቲየን ስፒከር ያለው ካብ (የስፒከር ሳጥን) ምረጥ። ክላፕተን በዚያ ቀረጻ ላይ መድረክ ላይ በሚጫወትበት ድምፅ ልክ ካልሆነ አልጫወትም ብሎ ነበር፤ ማይኩም ከአምፑ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የአንተ ዕቃ ምናልባት ማይኩን ስፒከሩ አፍ ላይ ለጥፎት ይሆናል። ወደ 30 ሴንቲሜትር አርቀው። ከስፒከሩ እምብርት ወደ ዳር ውሰደው። ማይክ መምረጥ የሚያስችልህ ከሆነ እንደ ኖይማን ዩ67 ያለ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ሞክር። ከዚያ ከ5 ወይም 6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በሃይ ካት ቁረጠው። ያ የሚያፏጭብህ ነገር የነበረው እዚያ ነው።

ሪቨርብ ከፈለግህ ከካቡ በኋላ ትንሽ የክፍል ድምፅ ጨምር። አምፑ ራሱ ሪቨርብ አልነበረውም።

አሁን ጊታሩን አንሳ። ሦስተኛውን ክር ከአንገቱ መሀል ላይ በጣት ብቻ ንካው። መጥራት አለበት። ቀጥለህ በፒክ ጠንከር አድርገህ ምታው፣ ክሩንም ግፋው። መጮህ አለበት። በነዚህ ሁለት ምቶች መሀል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ቦታው ደርሰሃል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑብህ ጌይኑ አሁንም በዝቷል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያህ የጊታሩ ቮሊዩም ነው፤ ለሪትም 6 ወይም 7፣ ለሶሎ 10። በዚያ ዘመን የነበሩ ጊታሪስቶች እግራቸው ሥር ዘጠኝ ፔዳል አልነበራቸውም። ትንሿ ጣታቸው ቮሊዩሙ ላይ ነበረች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሳስተካክለው በጣም ያምራል። ባንዱ ጋር ልምምድ ስገባ ግን ጊታሬ የት እንደገባ አይታወቅም። አምፑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አምፑ ደህና ነው። የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ይህንን ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ቤትህ ዝቅ አድርገህ ስታስተካክል ሳታውቀው ቤዝና ትሬብል ትጨምራለህ፣ ሚድ ትቀንሳለህ። ልምምድ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዝህ ከቤዝ ጊታሩ ጋር፣ ትሬብልህ ከሲምባሉ ጋር ይጋጫል። ለአንተ የቀረልህ መሀሉ ነበር፤ እሱን ደግሞ አስቀድመህ አውጥተኸዋል።

ለልምምድ ለብቻው የሚቀመጥ ፕሪሴት ሥራ። ከባንዱ ጋር እያላችሁ፣ በዚያው ድምፅ ልክ አስተካክለው። ብቻህን ስትሰማው አፍንጫ አፍንጫ የሚል ቢመስልህ አትደንግጥ። የስልሳዎቹን ቀረጻዎች ጊታሩ ብቻውን በሚሰማበት ቦታ ላይ አተኩረህ ስማቸው፤ ያስገርምሃል፣ ሚድ ብቻ ናቸው።

ሌላም አለ። ዕቃህን ከእውነተኛ የጊታር ስፒከር ጋር የምታገናኘው ከሆነ ውስጡ ያለውን የካብ ማስመሰያ አጥፋው። አለዚያ ድምፁ ሁለት ስፒከር ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው፤ ብርድ ልብስ የተደረበበት ይመስላል። ለጆሮ ማዳመጫና ለድምፅ ማጉያ ሲስተም ግን መብራት አለበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ወጣት ሳለሁ የእንግሊዙን የሻዶውስ ባንድ «አፓቼ» እየሰማሁ ነው ጊታር የተማርኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄ ሞዴሊንግ አምፕ ገዛልኝ። ቁልፉ በዛብኝ። ያንን የሚያስተጋባ ንጹሕ ድምፅ እንዴት ላግኘው? ደግሞ ቮክስ በሚለው ላይ «ካት» የሚለውን ስጨምር ድምፁ ይደፈናል፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ለዚያ ድምፅ ያለኝ ፍቅር ከእርስዎ አያንስም።

ከካቱ ልጀምር። ምንም አልተበላሸም። ቮክስ ላይ ካት ወደ ቀኝ ሲዞር ትሬብል ይቆርጣል። ሥራው ከሌሎቹ ማስተካከያዎች ተቃራኒ ነው፤ ሞዴሉም ያንኑ አስመስሎታል። መጀመሪያ ወደ ግራ ጨርሰው ያዙሩት፣ ከዚያ ጆሮዎን የሚያስቸግረው ስለት እስኪለዝብ ድረስ ብቻ ቀስ እያሉ ይመልሱት።

የባንዱ ጊታሪስት ሃንክ ማርቪን ቀዩን ፌንደር ስትራቶካስተር ይዞ በ1960 ያንን ሲቀርጽ ሻዶውሶች የቮክስ አምፕ ተጠቃሚዎች ነበሩ። አምፖቹን የነደፈው ዲክ ዴኒ ነው። ዝርዝርዎ ውስጥ ኤሲ15 ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከሌለ ኤሲ30ም ይሆናል። «ቶፕ ቡስት» የሚለው ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ተጨማሪ ስለሆነ ኖርማል የሚለውን ቻናል ይውሰዱ። ጌይኑን ዝቅ ያድርጉ። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ጠንከር ሲሉበት ብቻ ትንሽ ጎርነን ማለት አለበት። ስፒከሩ ሰማያዊው ሴለስቲየን ይሁን፤ ሞዴሎቹ ላይ «ብሉ» ወይም «አልኒኮ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ደወል የመሰለ ጥራት በከፊል የስፒከሩ ነው።

አሁን ኤኮው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሪቨርብ ይከፍትና ይቸገራል። ማርቪን ይጠቀም የነበረው ሜአዚ የሚባል የጣሊያን ኤኮ ነው። ድምፁን ማግኔት ላይ ቀርጾ በተለያየ ርቀት በተደረደሩ ማንበቢያዎች መልሶ ያሰማል። ስለዚህ የሚመለሰው ድምፅ አንድ ወጥ ርቀት የለውም፤ አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግየት ብሎ፣ እንደ ምት ይመጣል። ዕቃዎ ላይ «መልቲ ሄድ» ወይም «ቴፕ ኤኮ» የሚል ይፈልጉ። ከተገኘ ሁለት ወይም ሦስት ሄድ (ማንበቢያ) ይብራ። ካልተገኘ ሁለት ተራ ዲሌይ ይደርድሩ፤ አንዱን አጠር፣ ሌላውን ረዘም አድርገው። ድግግሞሹ ጥቂት ይሁን። የሚመለሰው ድምፅ ከዋናው ደብዘዝ ይበል፤ ለዚህ የዲሌዩን ትሬብል ይቁረጡ። መጠኑን ደግሞ ሲጫወቱ የማይሰማዎት፣ ሲያቆሙ ግን የሚሰማዎት ያህል ያድርጉት።

የቀረው ከእርስዎ እጅ ነው። ለብሪጁ የቀረበውን ፒክአፕ ይምረጡ፣ ቪብራቶ ማንሻዋን በመዳፍዎ ይዘው ይጫወቱ፤ ያቺ በየኖታው መጨረሻ የምትንቀጠቀጥ ነገር የምትመጣው ከዚያ ነው። ሌላውን ቁልፍ ሁሉ አይንኩት። ልጅዎ ይህንን እንደ አንድ ፕሪሴት እንዲያስቀምጥልዎና ዕቃው ሲበራ እሱ ላይ እንዲከፈት አድርጎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ የሄንድሪክስ አፍቃሪ ነኝ። ሞዴሌ ላይ ፈዝ ፌስ የሚባለው ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል አለ። ግን ንብ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ነው የሚጮኸው። ደግሞ ሰዎች «የጊታርሽን ቮሊዩም ስትቀንሺ ይጠራል» ይሉኛል፤ የኔ ሲቀነስ ዝም ብሎ ይሞታል። ሰዎቹ ዋሽተውኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሹሽም። እውነተኛው ፔዳል ላይ ይሠራል። አንቺ ጋ ያልሠራበት ምክንያት አለው፤ እሱን ካወቅሽ ትጠጊዋለሽ።

ፈዝ የሚባለው ነገር መነሻው ብልሽት ነው። በ1961 ተወዳጅ የሆነው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወትበት ቤዝ የገባበት የኮንሶሉ (የስቱዲዮው ድምፅ ማደባለቂያ) ቻናል ተበላሽቶ ነበር። የወጣው የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ግን ስለተወደደ እንዳለ ቀረ። መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንን ድምፅ በትራንዚስተር መልሶ ሠራው፤ በ1962 ማስትሮ ፈዝ ቶን ሆኖ ገበያ ወጣ። በ1965 ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ተጫወተበትና ዓለም ሁሉ ፈዝ ፈዝ አለ። የአንቺው ፈዝ ፌስ የመጣው በ1966 ከለንደኑ አርቢተር ነው። ውስጡ ሁለት ትራንዚስተር፣ ላዩ ላይ ሁለት ቁልፍ ብቻ።

ቀላል ስለሆነ ነው የሚያስቸግረውም። የጊታርሽ ፒክአፕ ከፔዳሉ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ እንደ አንድ ሰርኪዩት ነው የሚሠሩት። ፔዳሉ ፒክአፑን ይጭነዋል። የጊታሩን ቮሊዩም ትንሽ ዝቅ ስታደርጊ ግንኙነቱ ይለወጥና ፈዙ ተገፍፎ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ድምፅ ይቀራል። ሞዴሊንግ አምፕ ላይ ግን ጊታርሽ መጀመሪያ የሚያገኘው የዕቃውን መግቢያ ነው። እሱ ደግሞ ፒክአፑን እንዳይጭነው ተብሎ የተሠራ ነው። ፒክአፑ ከኋላው ፈዝ እንዳለ አያውቅም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የመግቢያ ማስተካከያዎቹ ውስጥ «ኢንፑት ኢምፒዳንስ» (መግቢያው ፒክአፑን ምን ያህል እንደሚጭነው የሚወስን) የሚል ካለ አውቶ ላይ አድርጊው፤ አውቶ ከሌለው ዝቅተኛውን ቁጥር ምረጪ። ፈዙ ከሰንሰለቱ ሁሉ የመጀመሪያው ይሁን። ዋህ የሚባለው ፔዳል ካለሽ ብቻ እሱ ይቅደም። ኖይዝ ጌቱ ይጥፋ፤ ቮሊዩም ስትቀንሺ «የሚሞተው» ምናልባት እሱ እየዘጋው ነው። ኢምፒዳንስ የሚለው ማስተካከያ ዕቃሽ ላይ ጭራሽ ከሌለ የፈዙን ቁልፍ ከ10 ወደ 6 አውርጂ፣ የጊታርሽን ቮሊዩም ደግሞ 8 ላይ እንደ መነሻ ያዢ። ፍጹም አይሆንም፣ ግን ያጫውታል። ከዚያ በላይ የምትፈልጊ ከሆነ አንድ እውነተኛ ፈዝ ገዝተሽ ከዕቃው ፊት አስገቢው። በሞዴል ከማይተኩ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንቧ ደግሞ የመጣችው ከአምፑ ነው። ፈዝ በጠራ አምፕ ላይ፣ በተለይ ሚዱ ጎደሎ በሆነ የፌንደር ዓይነት ላይ፣ ይንዛዛል። ሄንድሪክስ የሚጫወተው ባለ 100 ዋት ማርሻል ላይ ነው፤ ያለ ፈዙም ሊሰነጠቅ የደረሰ አምፕ። ስለዚህ ፈዙን አጥፊና ፕሌክሲውን ክፈቺ። ማስተር 10፣ ጌይን 5 ወይም 6። አራት ባለ 12 ኢንች ግሪንባክ ስፒከር ያለው ካብ ስጪው። «ጃምፕ» የሚል ምርጫ ካለ ሁለቱም ቻናሎች አንድ ላይ ይሠሩ፤ ብራይቱን አሳንሺ፣ ኖርማሉን አብዢ። አምፑ ብቻውን ደስ ሲልሽ ነው ፈዙን የምታበሪው። ፈዙ ሲበራ ድምፁን እጅግ መለወጥ የለበትም፤ ማርዘምና ማወፈር ነው ያለበት።

የሚጠመዘዘውን የስልክ ገመድ የሚመስል የጊታር ገመድ በፎቶዎቹ ላይ አይተሽው ይሆናል። እንዲህ ያለ ረጅም ገመድ ትሬብል ይበላል። ዕቃሽ «ኬብል» የሚል ማስመሰያ ካለው አብሪው፤ ከሌለው ከፈዙ በፊት በኢኪው ትሬብሉን ጥቂት ቀንሺ። ለ1967 ድምፅ ደግሞ ጀርማኒየም የሚለውን ፈዝ ምረጪ። ሲሊከኑ ከሱ በኋላ የመጣ ነው፤ ስለታምና ጯሂ ነው። ጀርማኒየም ሙቀት ሲለዋወጥ ባሕርዩ ስለሚለዋወጥ የጥንቶቹ ባለቤቶች ብዙ ተቸግረውበታል። የአንቺ ሞዴል ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

«ፐርፕል ሄዝ» ሶሎ ላይ የሚሰማው ከላይ የሚያፏጭ ሌላ ኖታ ከፈዝ ፌስ አይመጣም። ኦክታቪያ የሚባል ፔዳል ነው፤ ሮጀር ሜየር የሠራለት። «ኦክታቭ ፈዝ» የሚለውን ክፈቺና የአንገቱን ፒክአፕ ያዢ፣ ቶኑን ዝጊ፣ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ተጫወቺ። ከዚያ በታች ኦክታቩ በደንብ አይወጣም።

ጥያቄ፦ 0.009 ኢንች ውፍረት ያለው ክር ነው የምጠቀመው። ለዚህ ድምፅ ወፍራም ክር ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፤ ግን ይረዳል። 0.010 ሞክር፣ ጣትህ ሲለምድ 0.011። በስልሳዎቹ መጀመሪያ ብዙዎቹ የሚጫወቱት ሦስተኛው ክር ሳይቀር በተጠመጠመባቸው ወፍራም ክሮች ነበር። ወፍራም ክር ስትመታው ቶሎ አይለቅም፣ ኖታውም ከስንጥቁ በፊት ይሰማል። ለክላፕተን ዓይነት የክር ግፊያ ግን 0.010 ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቢትልስ «ሬቮሉሽን»፣ ፈጣኑ፣ በሲንግል የወጣው። ያለኝን አምፕ ሁሉ ሞከርኩ። ማርሻል፣ ቮክስ፣ ፌንደር። አንዱም አይቀርበውም። የትኛው አምፕ ነው?

መልስ፦ አንዱም አይደለም። አምፕ አልነበረም።

በጁላይ 1968 ኤቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሮቹን በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ ነው ያስገቧቸው። የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ የኮንሶሉን የማይክ ማጉያ ወደ ሌላ ማጉያ አስገብቶ ሁለቱንም ከአቅም በላይ ገፋቸው። ስፒከር የለም፣ ማይክ የለም። ለዚህ ነው ያ ድምፅ እንደ መጋዝ የሚቆርጠው። የትኛውም ካብ ቢሆን ከላይ ያለውን ስለት ያለዝበዋል፤ አንተም እስካሁን ስታለዝበው ነበር።

ስለዚህ የአምፑን ብሎክ አውጣ፣ ካቡንም አውጣ። «ስቱዲዮ ፕሪአምፕ» የሚል ሞዴል ካለህ ሁለት አስገባና አንዱን በሌላው ላይ ደርድር፤ የሁለቱም ጌይን ከፍ ይበል። ከሌለህ ሲሊከን ፈዝ ወይም ጠንካራ ዲስቶርሽን አስገባ፣ ከኋላው ምንም አታስከትል። ቀጥሎ ኮምፕረሰር። በመጨረሻ ሃይ ካት፣ ግን ለካብ ከምታደርገው ከፍ አድርገህ፤ 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጀምር። ሎው ካቱን 150 ኸርዝ አካባቢ። ለብሪጁ የቀረበውን ፒክአፕ ያዝና ጠንክረህ ምታ።

ይህንን መንገድ ከለመድከው ለሌላም ይሆንሃል። በ1965 ሮጀር መጊን ከበርድስ ባንድ ጋር ሲቀርጽ የነበረው የ12 ክር ሪከንባከር ጊታር ድምፅ የሚያብረቀርቀው በአምፕ ሳይሆን በኮምፕረሰር ብዛት ነው። አምፕ ይጥፋ፣ ስንጥቅ አይኑር፣ ኮምፕረሰሩን ሁለት አድርገህ በተርታ አስቀምጥ። 12 ክር ባይኖርህም በተራ ጊታር ኮርዱን ክር በክር እየነጠልክ ስትጫወት ቅርቡን ታገኘዋለህ።

የ«ሬቮሉሽኑን» ካብ ከማጥፋትህ በፊት ግን የጆሮ ማዳመጫህን ድምፅ በደንብ ዝቅ አድርገው። ስፒከር ያላለዘበው ዲስቶርሽን በድንገት ሲመጣ ጆሮ ይጎዳል። ሃይ ካቱ ቦታውን ሲይዝ ቀስ እያልክ ትጨምራለህ።